ከጆሮ ጀርባ የሚወጣ እብጠት

ከጆሮ ጀርባ የሚወጣ እብጠት ከውጫዊው ጆሮ በስተኋላ፣ በቆዳ ሥር ወይም በራስ ቅል አጥንት ላይ በዓይን የሚታይ ወይም በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ እብጠት ነው። ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የልዩ ልዩ ሁኔታዎች ምልክት ነው። በብዛት የሚያጋጥመው ምክንያት በራስ ቆዳ፣ በጆሮ ወይም በጉሮሮ በተነሣ ኢንፌክሽን የተነሣ የሊምፍ እጢ ማበጥ ሲሆን፣ ይህም በተለምዶ ንፍፊት ይባላል። ሌሎቹ ምክንያቶች ብጉንጅ፣ የቆዳ ከረጢት፣ የስብ እጢ፣ ኬሎይድ፣ ጆሮ ደግፍ፣ የእጢ ነቀርሳ (የእጢ ቲቢ) እና የማስቶይድ አጥንት ኢንፌክሽን ናቸው። ካንሰር ከምክንያቶቹ አንዱ ቢሆንም የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው።

አብዛኞቹ እብጠቶች ጉዳት የማያደርሱ ሲሆኑ በራሳቸው ወይም በቀላል ሕክምና ይጠፋሉ። ይሁን እንጂ የሕመሙ መጠን ብቻውን የእብጠቱን አሳሳቢነት አያመለክትም። በጉንፋን ጊዜ ያበጠ እጢ ብዙ ሊያም ይችላል፤ ነገር ግን በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይከስማል። የእጢ ነቀርሳና አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ደግሞ ለወራት ያለ ሕመም ሊያድጉ ይችላሉ። ስለዚህ እብጠቱን ለመለየት ከሕመሙ ጋር ቦታው፣ የቆየበት ጊዜ፣ ጥንካሬው እና የጆሮው ጤንነት አብረው ይታያሉ።

የቦታው የሰውነት አሠራር

ከጆሮ ጀርባ ያለው ቦታ ጠባብ ቢሆንም ብዙ የሰውነት ክፍሎች ተቀራርበው ይገኙበታል። እብጠቱ ከየትኛው ክፍል እንደተነሣ ማወቅ ምክንያቱን ለማወቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ቆዳ፦ በዚህ ቦታ ያለው ቆዳ የጸጉር ሥሮችና ቅባት የሚያመነጩ እጢዎች አሉት። ብጉር፣ ብጉንጅና የቆዳ ከረጢት የሚነሡት ከእነዚህ ነው።

የሊምፍ እጢዎች፦ በእያንዳንዱ ጎን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 የሚደርሱ ትናንሽ እጢዎች በአጥንቱ ላይ፣ ከቆዳው ሥር ይገኛሉ። ከጆሮው የኋላ ክፍልና ከራስ ቆዳ የጎን ክፍል የሚመጣውን ሊምፍ የተባለ ፈሳሽ ያጣራሉ። በጤነኛ ሰው በጣም ትንሽ ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ አይገኙም።

የማስቶይድ አጥንት፦ ከጆሮ ጀርባ የሚዳሰሰው ጠንካራ ጉብታ የራስ ቅል አካል ነው። ስሙ የመጣው ከግሪክ ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙ «ጡት መሰል» ማለት ነው። ሕፃን ሲወለድ ጉብታው ገና አልወጣም፤ ከጊዜ በኋላ የአንገት ጡንቻ እየጎተተው ቀስ በቀስ ያድጋል። የአጥንቱ ውስጥ ድፍን ሳይሆን እንደ ማር እንጀራ በትናንሽ የአየር ክፍሎች የተሞላ ነው። እነዚህ ክፍሎች በጠባብ መተላለፊያ ከመካከለኛው ጆሮ ጋር ይገናኛሉ።

የምራቅ እጢ፦ ፓሮቲድ የተባለው ትልቁ የምራቅ እጢ ከጆሮ ፊት ለፊትና ከጆሮ በታች ይገኛል። የኋላ ጫፉ ከመንጋጋ ማዕዘን ጀርባ እስከ ጆሮ ሥር ይደርሳል። የፊት ጡንቻዎችን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዚህ እጢ ውስጥ ያልፋል።

ብዙ ሰዎች የማስቶይድ አጥንትን ጉብታ በድንገት ሲዳስሱት አዲስ እብጠት ይመስላቸዋል። በግራና በቀኝ ተመሳሳይ የሆነ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ የማይንቀሳቀስና የማያም ጉብታ ጤነኛው አጥንት ነው።

ምክንያቶች

የሊምፍ እጢ ማበጥ (ንፍፊት)

የሊምፍ እጢዎች ሰውነት ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ጋር ከሚዋጋባቸው ቦታዎች ውስጥ ናቸው። ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ ወደ እጢው ሲደርስ በውስጡ ያሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይባዛሉ፤ እጢውም ያብጣል። ስለዚህ ያበጠ እጢ አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት መከላከያ ሥራ ላይ መሆኑን ያሳያል። በዚህ ምክንያት ያበጠ እጢ በመጠን እንደ ባቄላ ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ሲገፉት ከቆዳው ሥር የሚንሸራተትና ሲነኩት የሚያም ይሆናል።

በልጆች ላይ ዋናው መነሻ የራስ ቆዳ ነው። ቆረቆር፣ የቅማል ንክሻን በማከክ የሚፈጠር ቁስል፣ ጸጉር አጥብቆ በመሠራት የሚመጣ የጸጉር ሥር ቁስለት እና በነፍሳት ንክሻ ላይ የሚነሣ ኢንፌክሽን ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት በላይ ያሉትን እጢዎች ያሳብጣሉ። በእነዚህ ሁኔታዎች እጢው ላይ ብቻ ማተኮር መፍትሔ አይሆንም፤ ጸጉሩን ከፍሎ የራስ ቆዳውን መመልከት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ቆረቆር በሚቀባ መድኃኒት ብቻ ስለማይድን ለሳምንታት የሚዋጥ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ፈንገሱ ሲጠፋ እጢውም ይቀንሳል።

በመላ ሰውነት የሚሠራጩ የቫይረስ በሽታዎችም ይህን እጢ ያሳብጣሉ። ሩቤላ በተባለው ሽፍታ አምጪ በሽታ ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት ያሉት እጢዎች ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ሊያብጡ ይችላሉ። ሩቤላ ለልጆች ቀላል ቢሆንም ነፍሰ ጡር ሴትን በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ከያዘ በጽንሱ ዓይን፣ ልብና ጆሮ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ኩፍኝና በኤፕስታይን ባር ቫይረስ የሚመጣው የእጢ ትኩሳትም ከዚሁ ምድብ ናቸው። በኤች አይ ቪ የተያዘ ሰው ደግሞ በብዙ የሰውነት ቦታዎች ከ3 ወር በላይ የሚቆይ የእጢ ማበጥ ሊኖረው ይችላል።

የማስቶይድ አጥንት ኢንፌክሽን

ይህ ከሁሉም ምክንያቶች ይበልጥ አስቸኳይ የሆነው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሕፃናትን ሲሆን የሚጀምረው ከመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽን ነው። መካከለኛው ጆሮ ከማስቶይድ አጥንት የአየር ክፍሎች ጋር ስለሚገናኝ መግሉ ወደ አጥንቱ ሊገባ ይችላል። መውጫ ሲያጣ ክፍሎቹን የሚለዩትን ቀጫጭን የአጥንት ግድግዳዎች ያፈርሳል፤ ከዚያም የአጥንቱን ውጫዊ ግድግዳ ሰብሮ ከቆዳው ሥር ይጠራቀማል።

ሕፃኑ ትኩሳት ይኖረዋል፤ ከጆሮው ጀርባ ቀልቶ ያብጣል፤ ሲነኩት ያለቅሳል። እብጠቱ ጆሮውን ወደ ፊትና ወደ ውጭ ስለሚገፋው ከፊት ሲታይ አንዱ ጆሮ ከሌላው ይልቅ ወጣ ብሎ ይታያል። ከጆሮው መግል ሊወጣ ይችላል፤ ሆኖም መግል አለመኖሩ በሽታው የለም ማለት አይደለም። ለጆሮ ሕመም የታዘዘ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሳያልቅ ሲቋረጥ ደግሞ ትኩሳቱና ሕመሙ ለጊዜው ይጠፉና ኢንፌክሽኑ በአጥንቱ ውስጥ ተደብቆ ሊቀጥል ይችላል።

የማስቶይድ አጥንት ከአንጎል የሚለየው በቀጭን የአጥንት ግድግዳ ነው። በመሆኑም ሕክምና ካላገኘ ኢንፌክሽኑ የማጅራት ገትር፣ በአንጎል ውስጥ የመግል መጠራቀም፣ ከአንጎል ደም በሚመልሰው ትልቅ የደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት፣ የፊት አንድ ጎን መዛል ወይም ዘላቂ የመስማት ችግር ሊያስከትል ይችላል።

በዓለም የጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ የተዘጋጀውና ኢትዮጵያም የምትጠቀምበት የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም አያያዝ መመሪያ ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ሕፃን ላይ የጆሮ ችግር ሲኖር ከጆሮው ጀርባ የሚያም እብጠት መኖሩን በእጅ መዳሰስን ያዝዛል። እብጠቱ ካለ ሕፃኑ የመጀመሪያውን የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና የሕመም ማስታገሻ ወስዶ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ይህ ምርመራ መሣሪያ ስለማይጠይቅ በገጠር ባለ ጤና ተቋምም መሥራት ይቻላል።

የእጢ ነቀርሳ

የቲቢ ባክቴሪያ በብዛት የሚያጠቃው ሳንባን ቢሆንም ወደ ሊምፍ እጢዎችም ይገባል። በኢትዮጵያ ከሳንባ ውጭ ከሚከሰቱት የቲቢ ዓይነቶች መካከል የእጢ ነቀርሳ በስፋት የሚታይ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በአንገት ጎን ሲሆን ከጆሮ ጀርባና ከጆሮ በታች ያሉትን እጢዎችም ሊይዝ ይችላል።

እጢው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ አይሞቅም። ከጊዜ በኋላ በአቅራቢያው ያሉ እጢዎች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ይበልጥ ሲቆይ ውስጡ ይለሰልስና ቆዳውን ቀዶ መፍሰስ ይጀምራል። አንዳንድ ሕሙማን ማታ ማታ ማላብ፣ ክብደት መቀነስና ትኩሳት ይኖራቸዋል፤ ሌሎች ግን ከእብጠቱ በቀር ምንም ምልክት ስለማይታይባቸው ሳይታከሙ ይቆያሉ። በእጢ ብቻ የተወሰነ ቲቢ በሳል ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ሆኖም ሕመምተኛው ሳንባውም ተይዞ እንደሆነ መመርመር አለበት።

ቲቢ በስፋት ከሚገኝበት አገር ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ እስራኤል ወይም ወደ ዓረብ አገሮች የሄደ ሰው በሽታው ከዓመታት በኋላ ሊነሣበት ይችላል። በሽታው እምብዛም በማይታይባቸው አገሮች ሐኪሙ ቲቢን አስቀድሞ ላያስብ ስለሚችል ሕመምተኛው የመጣበትን አገርና ከቲቢ ሕመምተኛ ጋር ኖሮ ከነበረ ይህንኑ መናገሩ ይጠቅማል።

ጆሮ ደግፍና የምራቅ እጢ ማበጥ

ጆሮ ደግፍ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን ፓሮቲድ የተባለውን የምራቅ እጢ ያሳብጣል። እብጠቱ የሚጀምረው ከጆሮ ሥርና ከመንጋጋ ማዕዘን ነው። ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን የጆሮ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ውጭ ያነሣል፤ የመንጋጋው ማዕዘን በእጅ ሲፈለግ ይጠፋል። ሲያኝኩና ኮምጣጣ ነገር ሲቀምሱ ሕመሙ ይብሳል። በአንድ ጎን ጀምሮ በሌላው ሊቀጥል ይችላል፤ በሳምንት ገደማም ይቀንሳል። ለአቅመ አዳም በደረሱ ወንዶች ላይ የዘር ፍሬን ሊያሳብጥ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ለመስማት ችግር ይዳርጋል።

የምራቅ እጢ በባክቴሪያ ወይም በምራቅ ቱቦ ውስጥ በተፈጠረ ጠጠርም ሊያብጥ ይችላል።

ብጉንጅ፣ የቆዳ ከረጢትና የስብ እጢ

ብጉንጅ በጸጉር ሥር የገባ ባክቴሪያ የሚያመጣው መግል የቋጠረ እብጠት ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያማል፤ ጫፉም ይነጣል።

የቆዳ ከረጢት የሚፈጠረው የላይኛው የቆዳ ሕዋሳት ወደ ውስጥ ገብተው ከረጢት ሲሠሩ ነው። ውስጡ ኬራቲን በተባለ ነጭ፣ ወፍራምና ሽታ ያለው ነገር ይሞላል። ክብና ከቆዳው ጋር የተያያዘ ሲሆን ብዙ ጊዜ መካከሉ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ለዓመታት ሳያም ሊቆይ ይችላል። ሲጨመቅ ግን ከረጢቱ ከውስጥ ሊፈነዳና ኢንፌክሽን ሊፈጥር ይችላል።

የስብ እጢ ወይም ሊፖማ ከስብ ሕዋሳት የተሠራ ለስላሳ እብጠት ነው። ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ በቀላሉ ይንቀሳቀሳል፤ አያምም። ወደ ካንሰር ይለወጣል ተብሎ አይሠጋም።

ኬሎይድ

ኬሎይድ ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ነው። ጥቁር የቆዳ ቀለም ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። ከጆሮ ጀርባ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ጆሮ ለጉትቻ ከተበሳ ከወራት በኋላ ነው። ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ሲሆን ሊያሳክክ ይችላል። ኬሎይድ ካንሰር አይደለም። ይሁን እንጂ ያለ ተጨማሪ ሕክምና በቀዶ ሕክምና ብቻ ሲወጣ ተመልሶ የማደግ፣ አንዳንዴም ከበፊቱ የመብለጥ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ በእጢው ውስጥ በሚወጋ የስቴሮይድ መድኃኒት፣ በማጥበቂያ ጉትቻ ወይም በሌላ መንገድ ታግዞ ይታከማል።

ካንሰርና ሌሎች ብዙ የማያጋጥሙ ምክንያቶች

በፓሮቲድ እጢ ላይ ከሚወጡት እጢዎች አብዛኞቹ ካንሰር ያልሆኑና ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው። እብጠቱ ባለበት ጎን ፊት መዛል ከጀመረ ግን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ፈጣን ምርመራ ያስፈልጋል። ሊምፎማ የተባለው የሊምፍ ካንሰር እንደ ላስቲክ ጠንከር ያለና የማያም እጢ ሆኖ ሊጀምር ይችላል። ከጉሮሮና ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሣ ካንሰርም ወደ አንገት እጢዎች ይዛመታል።

ከቆዳ የሚነሣ ካንሰር በአብዛኛው የማይድን ቁስል ወይም ቅርፊት ያለው እብጠት ሆኖ ይታያል። አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ከፀሐይ ጨረር የሚከላከለው ሜላኒን ስለሚያንሳቸው ጆሮና አካባቢው ለዚህ ካንሰር ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

አንዳንድ ሕፃናት ደግሞ ሲወለዱ ጀምሮ በጆሮ አካባቢ የሚገኝ ከረጢት ይኖራቸዋል። ከጭንቅላት ግጭት በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከጆሮ ጀርባ የሚታይ የመጠቆር ምልክት የራስ ቅል መሠረት መሰንጠቅን ሊያመለክት ስለሚችል አስቸኳይ ሕክምና ይሻል።

መለያ ምልክቶች

የሚከተሉት ምልክቶች ምክንያቱን ለመገመት ይረዳሉ፤ የሐኪም ምርመራን ግን አይተኩም።

የሚያምና የሚንሸራተት ትንሽ እብጠት፣ ከጉንፋን ወይም ከራስ ቁስል ጋር፦ ንፍፊት።
ጆሮን ወደ ፊት የገፋ፣ የቀላና የሚያም እብጠት፣ ከትኩሳትና ከጆሮ ሕመም ጋር፦ የማስቶይድ አጥንት ኢንፌክሽን።
የማያም፣ ለሳምንታት የቆየ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ እብጠት፦ የእጢ ነቀርሳ።
የጆሮን ጫፍ ያነሣ፣ ሲያኝኩ የሚያም እብጠት፦ ጆሮ ደግፍ።
መካከሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው ክብ እብጠት፦ የቆዳ ከረጢት።
ለስላሳ፣ የማያም፣ የሚንቀሳቀስ እብጠት፦ የስብ እጢ።
ከተበሳ ጆሮ ላይ ያደገ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ፦ ኬሎይድ።
ጠንካራ፣ ከሥሩ ጋር የተጣበቀ፣ ማደጉን ያላቆመ እብጠት፦ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ናሙና ይወሰዳል።
በሁለቱም ጎን እኩል የሆነ ጠንካራ ጉብታ፦ ጤነኛ አጥንት።

ምርመራ

ሐኪሙ በመጀመሪያ እብጠቱ መቼ እንደጀመረ፣ እያደገ እንደሆነ፣ ትኩሳት፣ የጆሮ ሕመም፣ ማላብ ወይም ክብደት መቀነስ መኖሩን ይጠይቃል። ቀጥሎ እብጠቱን ይዳስሳል፤ በጆሮ መመልከቻ መሣሪያ የጆሮ ታምቡርን ያያል፤ የራስ ቆዳን፣ ጉሮሮን፣ አፍን፣ አንገትን፣ ብብትንና ብሽሽትን ይመረምራል። እብጠቱ በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ በአቅራቢያው ይፈለጋል፤ በብዙ ቦታ ከሆነ ግን መላ ሰውነትን የሚመለከት በሽታ ይታሰባል።

በጉንፋን ጊዜ ለወጣ ትንሽ እጢ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልግም፤ ለጥቂት ሳምንታት መከታተል ይበቃል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ካልቀነሰ፣ እያደገ ከሄደ ወይም ከጠነከረ ግን የደም ምርመራ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና አልትራሳውንድ ሊታዘዝ ይችላል። ከእብጠቱ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየቱ ነቀርሳን፣ ካንሰርንና ተራ ንፍፊትን ለመለየት ይረዳል። ናሙናው ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ ሲመረመር የቲቢ ባክቴሪያ መኖሩና ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዱ በ2 ሰዓት ገደማ ይታወቃል። በመርፌ የተወሰደው ናሙና በቂ መልስ ካልሰጠ እጢው በሙሉ ወይም በከፊል በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ይመረመራል። የማስቶይድ ኢንፌክሽን ሲጠረጠርና ወደ አንጎል መዛመቱን ማወቅ ሲያስፈልግ ሲቲ ስካን ይነሣል።

ሕክምና

ሕክምናው እንደ ምክንያቱ ይለያያል። በቫይረስ ለሚመጣ የእጢ ማበጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይጠቅምም፤ ዕረፍት፣ በቂ ፈሳሽና የሕመም ማስታገሻ በቂ ነው። ለጆሮ ደግፍም እንዲሁ ነው። በባክቴሪያ የመጣ ከሆነ በሐኪም የታዘዘው መድኃኒት እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት። ትንሽ ብጉንጅ በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ሲያዝ ሊፈነዳና ሊድን ይችላል፤ ትልቁ ግን በጤና ተቋም ተከፍቶ መግሉ ይወጣል።

የማስቶይድ ኢንፌክሽን የሚታከመው በሆስፒታል ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ ይጀመራል፤ መግል ካለ ይቀዳል። ይህ ካልበቃ የተበላሸው የአጥንት ክፍል በቀዶ ሕክምና ይጸዳል።

የእጢ ነቀርሳ መድኃኒትን የማይላመድ ቲቢ ሲሆን በ6 ወር ሕክምና ይድናል፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት በአራት መድኃኒቶች፣ ቀሪዎቹ 4 ወራት በሁለት መድኃኒቶች ይሰጣል። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። በሕክምናው መካከል እጢው ለጊዜው ሊያድግ ወይም አዲስ እጢ ሊወጣ ይችላል። ይህ ሁልጊዜ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ስላልሆነ ሐኪም ሳይጠየቅ ሕክምናው መቋረጥ የለበትም።

የቆዳ ከረጢትና የስብ እጢ ካላስቸገሩ መተው ይቻላል። ከተፈለገ ከረጢቱ ከነግድግዳው ይወጣል፤ ግድግዳው ከቀረ ተመልሶ ይሞላል።

ባህላዊ ሕክምና

በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ያበጠ እጢን መብጣት፣ በጋለ ብረት መተኮስና ቅጠል ጨቅጭቆ ማሰር የቆዩ ልማዶች ናቸው። አብዛኛው ንፍፊት በራሱ ስለሚጠፋ ከእነዚህ በኋላ የተገኘ መዳን የተደረገው ነገር ውጤት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በነቀርሳ ያበጠ እጢ ሲበጣ ቁስሉ ሳይዘጋ ለወራት ሊፈስ ይችላል። መተኮስ ጠባሳ፣ ኬሎይድና ተጨማሪ ኢንፌክሽን ያመጣል። ለብዙ ሰው ያገለገለ ምላጭ ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል። መግል በሚፈሰው ጆሮ ውስጥ ዘይት፣ ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ መጨመርም ጎጂ ነው፤ የጆሮ ታምቡር ተቀዶ ከሆነ ፈሳሹ በቀጥታ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። ከሁሉም የከፋው ጉዳት ግን የማስቶይድ ኢንፌክሽን ባለበት ሕፃን ላይ የሚባክነው ጊዜ ነው።

ታሪክ

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት የማስቶይድ ኢንፌክሽን ከታወቁት የሕፃናት ገዳዮች አንዱ ነበር። አየርላንዳዊው የጆሮ ሐኪም ዊልያም ዋይልድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጆሮ ጀርባ እስከ አጥንቱ በመቅደድ መግሉን የማውጣት ዘዴን አስተዋወቀ፤ ቅዱም በስሙ ተጠርቷል። ልጁ ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1900 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ሲሞት ሐኪሞቹ ምክንያቱ ከቆየ የጆሮ ሕመም የተነሣ የአንጎል ሽፋን ብግነት መሆኑን ገልጸዋል። ጀርመናዊው ኸርማን ሽቫርትዘ ከባልደረባው ጋር በ1873 እ.ኤ.አ. የማስቶይድ አጥንትን ከፍቶ የማጽዳት ቀዶ ሕክምናን በሥርዓት ጽፎ አሳተመ። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ በስፋት ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በሽታው በጣም ቀነሰ። የመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽን በጊዜው በማይታከምበት ቦታ ግን ዛሬም ይታያል።

የእጢ ነቀርሳ በአውሮፓ ለዘመናት «የንጉሥ በሽታ» ይባል ነበር፤ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ንጉሥ ሲነካው ይድናል ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ሳሙኤል ጆንሰን በሕፃንነቱ በ1712 እ.ኤ.አ. ወደ ንግሥት አን ተወስዶ ተዳስሷል፤ ጠባሳው ግን ዕድሜውን ሙሉ አልጠፋም። የበሽታው አምጪ ባክቴሪያ የታወቀው ሮበርት ኮኽ በ1882 እ.ኤ.አ. ግኝቱን ይፋ ሲያደርግ ነው።

መከላከያ

የጆሮ ኢንፌክሽንን በጊዜው ማከም የማስቶይድ ኢንፌክሽንን ለመከላከል ዋነኛው መንገድ ነው። ጆሮውን ያመመው ወይም ከጆሮው መግል የሚወጣ ሕፃን ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት፤ ከ14 ቀን በላይ የፈሰሰ ጆሮ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ተብሎ ይታከማል። ለጆሮ ኢንፌክሽን ዋና ምክንያት ከሆኑት አንዱን የሚከላከለው የኒሞኮከስ ክትባት በኢትዮጵያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል። የኩፍኝ ክትባትም ከኩፍኝ ቀጥሎ የሚመጣውን የጆሮ ኢንፌክሽን ይቀንሳል። የራስ ቆዳን ንጽሕና መጠበቅ፣ ማበጠሪያና ምላጭ አለመዋዋስ፣ ወተትን አፍልቶ መጠጣት፣ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ደግሞ ጆሮን የሚሸፍን ሰፊ ባርኔጣ ማድረግ ይመከራል።

አስቸኳይ ሕክምና የሚሹ ምልክቶች

የሚከተሉት ሲታዩ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦
ከጆሮ ጀርባ የቀላና የሚያም እብጠት ከትኩሳት ወይም ከጆሮ ሕመም ጋር፤
ጆሮ ወደ ፊት ተገፍቶ መታየት፤
ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የአንገት መገተር፣ መንቀጥቀጥ ወይም ከወትሮው የተለየ ድብታ፤
የፊት አንድ ጎን መዛል፣ ማዞር ወይም ድንገተኛ የመስማት መቀነስ፤
ከጭንቅላት ግጭት በኋላ ከጆሮ ጀርባ መጠቆር።

አስቸኳይ ባይሆንም ከ4 ሳምንት በላይ የቆየ፣ እያደገ የሚሄድ፣ የጠነከረ ወይም የማይንቀሳቀስ እብጠት፣ እንዲሁም ማታ ማላብና ክብደት መቀነስ ያለበት እብጠት ባያምም እንኳ መመርመር አለበት።